ከሐዋሳ እስከ ፍራንክፈርት፦ አንዲት እናት፣ ሁለት ሕፃናትና የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

ይህ ጽሑፍ በጥር ወር የ2 ዓመት ከ7 ወር ወንድ ልጇንና የ10 ወር ሴት ልጇን ይዛ፣ ባለቤቷ ወደሚሠራበት ወደ ጀርመን ከሐዋሳ ብቻዋን የተጓዘች እናትን ጉዳይ ይመለከታል። ቤተሰቡ ስሙ እንዲጠቀስ ስላልፈለገ ልጆቹን ቤት ውስጥ በሚጠሩበት መጠሪያ ማሙሽና ሚጣ እላቸዋለሁ፤ እናታቸውንም እናት ብቻ ብዬ እቀጥላለሁ። እኔ በከተማዋ በአንድ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ስሆን ለቤተሰቡ ጎረቤት ነኝ፤ ከጉዞው በፊት ምክር የተጠየቅሁትም እኔ ነበርሁ። ከሰጠሁት ምክር የሚበዛው የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ ዋናው ነጥብ ግን የእኛን አገር ከፍታ ከግምት ያላስገባ፣ ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ነገር ነበር። ጉዳዩን በዝርዝር ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከጉዞው በፊት

የመጀመሪያው ውሳኔ ከሐዋሳ አዲስ አበባ በምን እንሂድ የሚለው ነበር። መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሞጆ ወዲህ የተከፈተው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ቢያቀልለውም፣ ሁለት ሕፃናት ይዞ ሻሸመኔንና ባቱን አቋርጦ ቦሌ መድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ መብረር አለ። አያትየው «በመኪና ሂዱ፣ መንገድ ላይ አረፍ እያላችሁ» ብለው ነበር። እናት ግን ከሐዋሳ የሚነሣውን የአገር ውስጥ በረራ ከዋናው ጉዞ ጋር በአንድ ትኬት ቆረጠች። ሻንጣዎቿን ሐዋሳ አስረክባ ፍራንክፈርት መቀበል መቻሏ ብቻውን ዋጋውን የሚያካክስ ነበር፤ አንድ እጅ ሕፃን ይዞ ሌላው እጅ ታዳጊ ሲያባርር ሻንጣ የሚጎትት ሦስተኛ እጅ የለምና።

ስለ ትኬቱ አሠራር ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። 2 ዓመት ያልሞላው ሕፃን በአዋቂ ጭን ላይ ይጓዛል፤ በዓለም አቀፍ በረራም ብዙ ጊዜ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። 2 ዓመት ከሞላው በኋላ የራሱ መቀመጫ ሊኖረው ግድ ነው። አንድ አዋቂ በጭኑ መያዝ የሚችለው አንድ ሕፃን ብቻ ሲሆን፣ ዕድሜው የሚታየውም ትኬቱ በተቆረጠበት ቀን ሳይሆን በሚበርበት ቀን ነው። ስለዚህ ማሙሽ መቀመጫ ተገዛለት፤ ሚጣ በእናቷ ጭን ሆነች። ትኬቱን የቆረጠላቸው ቢሮ፣ ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሚገጠመው የሕፃን አልጋ እንደተያዘላቸው በቃል አረጋገጠ። ሚጣ በጊዜው 8 ኪሎ ተኩል ስለነበረች፣ 10 ኪሎ ገደማ በሆነው በብዙዎቹ አየር መንገዶች የክብደት ወሰን ውስጥ ነበረች። አልጋው መያዙን የሚያሳይ ወረቀት ግን ማንም አልጠየቀም።

ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው ሚጣ ጉንፋን ያዛት። መረመርኋት፦ ትኩሳት የላትም፣ ጡት በደንብ ትጠባለች፣ ጆሮዋን አትነካካም፤ አፍንጫዋ ግን ይፈሳል፣ ማታ ማታም ይዘጋል። «ጉንፋን ብቻ ነው፣ መሄድ ትችላለች» አልሁ፤ ለአፍንጫዋም የጨው ውሃ ጠብታ ሰጠኋት። ፍርዱ ዛሬም ስህተት አይመስለኝም። ስህተቱ ከዚያ ቀጥሎ ያልሁት ነበር፦ «አውሮፕላኑ ሲነሣ ጡት አጉርሻት፣ ጆሮዋን አያማትም።» ስለ መውረዱ አንድም ቃል አልተናገርሁም።

በዚያው ሰሞን እናት ወደ አንድ መድኃኒት ቤት ጎራ ብላ፣ ልጆቹን ሌሊቱን የሚያስተኛ ነገር እንዳለ ጠይቃ ፕሮሜታዚን የተባለ ሽሮፕ ይዛ መጣች። በዚህ ላይ አልተግባባንም፤ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ሳይሆን አይቀርም። ይህ መድኃኒት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ፈጽሞ የሚሰጥ አይደለም፤ አተነፋፈስን አዳክሞ ለሞት ያደረሰባቸው ሕፃናት ስላሉ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍበት ያዘዘው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ2004 ነው። ለማሙሽ ዕድሜም ቢሆን እንቅልፍ ለማምጣት ብቻ ተብሎ የሚሰጥ ነገር አይደለም፤ እንዲህ ያሉ የአለርጂ መድኃኒቶች አንዳንዱን ልጅ በማስተኛት ፈንታ ጭራሽ ያቅበጠብጡታል። ሽሮፑ እቤቴ ቀረ።

አያትየው ከፊሉን ጓዝ በራሳቸው ፈቃድ አዘጋጅተው ነበር፦ በሚጣ ቆብ ውስጥ የተሰፋ ጤና አዳም፣ ለማሙሽ በትንሽ ከረጢት ቆሎና ኦቾሎኒ፣ ለልጃቸው ባል ደግሞ ቅቤና ቋንጣ። ጤና አዳሙን ማንም አልነካውም። ቆሎውና ኦቾሎኒው ግን ወጡ፤ በሚናወጥ አውሮፕላን ውስጥ ጥርሱን አብቅሎ ያልጨረሰ ልጅ ጉሮሮ ላይ እንዲህ ያለ ጠንካራ ፍሬ ቢሰነቀር የሚደረስለት በጭንቅ ነው። በምትኩ ለስላሳ ዳቦ፣ ሙዝና ብስኩት ተያዘ። ስለ ቅቤውና ቋንጣው የተነገረኝ ከሄዱ በኋላ ነው። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ሕጉ ስለሚከለክል ሁለቱም ፍራንክፈርት ጉምሩክ ላይ ቀሩ። የታሸገ የሕፃናት ዱቄት ወተት ግን እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

እናት ከሁሉም በላይ የተሳካላት የእጅ ቦርሳ አያያዟ ነበር። አንድ ዳይፐር፣ ጥቂት እርጥብ መጥረጊያና አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በአንድ ፌስታል፣ እንደገና ያንኑ በሌላ ፌስታል እያለች ስድስት ፌስታል አዘጋጀች፤ ወደ ጠባቡ መጸዳጃ ቤት ስትገባ ቦርሳውን ሳይሆን አንዱን ፌስታል ብቻ ይዛ ነበር የምትገባው። ለራሷም አንድ ሸሚዝ ይዛለች፤ ይህን ብዙ እናቶች ይረሱታል። ለሚጣ በጡጦ የያዘችው ወተት ከ100 ሚሊ ሊትር ቢበልጥም ፍተሻው ላይ አልተከለከለም፤ ለሕፃን የሚበቃ ወተትና ምግብ ከፈሳሽ ገደቡ ውጭ ነውና። ከሌላው ዕቃ ለይታ በእጇ ይዛ ማሳየቷም ሥራውን አፍጥኖታል።

ከሐዋሳ እስከ ቦሌ

እኔና አያትየው አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘናቸው። ሚጣ በአንቀልባ ጀርባ ላይ ነበረች፤ ጋሪ አልተያዘም፤ ትክክለኛ ውሳኔም ነበር። ሁለት እጅ ነጻ መሆኑ ደረጃ ሲወጣ፣ ወረፋ ሲጠበቅና ማሙሽ ሲያመልጥ ዋጋው የታወቀ ነው። ፍተሻ ላይ አንቀልባው ወልቆ በማሽን ያልፋል። አውሮፕላን ውስጥም ለመነሣትና ለማረፍ አንቀልባን እንደ መታሰሪያ መጠቀም አይፈቀድም፤ አስተናጋጇ በእናት ቀበቶ ላይ የሚያያዝ የሕፃን ቀበቶ ሰጥታት ሚጣ በእሱ ታሰረች።

እዚህ ላይ ከጉዳዩ ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር። «ልጄን በክንዴ አጥብቄ ይዣታለሁ፣ ቀበቶ ምን ያደርጋል?» የሚሉ እናቶች ያጋጥሙኛል። እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1989 አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ በወደቀው አውሮፕላን በጭን የሚጓዙ አራት ሕፃናት ነበሩ፤ አንዱ ሕይወቱ አለፈ። በዚያ ኃይል የሚወረወርን ሕፃን ይዞ የሚያስቀር ክንድ የለም። አስተማማኙ ነገር ሕፃኑ በራሱ መቀመጫ፣ ለአውሮፕላን በተፈቀደ የሕፃን ወንበር መታሰሩ ነው፤ ይህን ለመክፈል አቅሙ ያላቸው ግን በእኛ ሰፈር ብዙ አይደሉም።

በረራው አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለቀ። ሚጣ አላለቀሰችም፤ ማሙሽም በመስኮት ሐይቁን እያየ ነበር። እናት ከቦሌ በድምፅ መልእክት «ሲስተር፣ ጆሮ የሚባለው ነገር ምንም የለውም፤ ስንወርድ እንኳ ተኝታ ነበር» አለችኝ። እኔም ደስ አለኝ። ያ መረጋጋት ሁለታችንንም አሳሳተን።

ሌሊቱ

ቦሌ ውስጥ ሰባት ሰዓት ያህል ጠበቁ። እናት ማሙሽን በወንበር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ሰው ባልበዛበት ኮሪደር እንዲሮጥ ለቀቀችው፤ ወደ አውሮፕላኑ ቀድመው እንዲገቡ ሲጠሩም እንኳ መጨረሻ ገባች። ብቻዋን ለምትጓዝ እናት ቀድሞ መግባት ይመከራል፤ ለእሷ ግን ታዳጊን በጠባብ መቀመጫ ላይ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ማሰር አልታያትም። በዚህ ከእሷ ጋር እስማማለሁ፤ ከጎኗ ሌላ አዋቂ ቢኖር ግን እሱ በዕቃው ቀድሞ ቢገባ የተሻለ ነበር።

የመሳፈሪያ ወረቀቷን ስትቀበል የሕፃን አልጋው ጥያቄ በሥርዓቱ ውስጥ ጨርሶ እንዳልተመዘገበ ታወቀ፤ የፊት መቀመጫዎቹም ተይዘው ነበር። ስለዚህ ሚጣ ሰባት ሰዓት ሙሉ በጭን ላይ ሆነች። እናት እንደመከርኋት አውሮፕላኑ ሲነሣ ጡት ሰጠቻት፤ ሚጣም ጠግባ ጠባች፣ ወዲያው ተኛች። ማሙሽ እስከ እኩለ ሌሊት ከገፋ በኋላ ነው የተኛው፤ የፊት ወንበሩን ሲመታ ቆይቶ፣ የፊተኛው መንገደኛ ዞሮ ካየ በኋላ እናት ጫማውን አወለቀችለት። ጫማው ከወለቀ በኋላ መምታቱ ለማንም አልተሰማም። ይህን ዘዴ ከእሷ ተምሬያለሁ።

አስተናጋጇ የኦክስጅን ጭምብል ከወረደ መጀመሪያ ለራሷ እንድታጠልቅ ለብቻዋ ቀርባ አስረዳቻት። ይህ ለእናት ልብ ከባድ ትእዛዝ ነው። ነገር ግን በዚያ ከፍታ ያለ ኦክስጅን አእምሮ የሚታዘዘው ከግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ እናት ራሷን ከሳተች ከሁለቱ ልጆች ለአንዱም የሚያጠልቅለት አይኖርም።

የካቢን አየር በጣም ደረቅ ነው፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች ይወርዳል። ወደ ንጋት ገደማ የሚጣ አፍንጫ ሙሉ በሙሉ ተዘጋ። የጨው ውሃ ጠብታው ከላይ በተቀመጠው ሻንጣ ውስጥ ነበር፤ እናት ደግሞ በጭኗ ላይ አንድ፣ በጎኗ ላይ አንድ የተኛ ልጅ አለ።

የመጨረሻው ግማሽ ሰዓት

አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ሚጣ ተኝታ ነበር። እናትም፣ ማን ይፈርድባታል፣ አልቀሰቀሰቻትም። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሚጣ ከዚያ በፊት እናቷ ሰምታው በማታውቀው ድምፅ እየጮኸች ነቃች። ጡት ብትሰጣት አፍንጫዋ ስለተዘጋ መጥባትና መተንፈስ አንድ ላይ አልሆን አላት፤ ይዛ ትለቃለች፣ ትገፋለች። ማሙሽም በጩኸቱ ተነሥቶ አብሮ አለቀሰ። መነሣት አይቻልም፣ የቀበቶው መብራት በርቷል። ጎኗ የነበሩ አንዲት ትልቅ ሴት «ዓይን ይሆናል ልጄ» ብለው ነጠላቸውን አለበሷት። ጩኸቱ አውሮፕላኑ ቆሞ በሩ እስኪከፈት አልበረደም። በማግሥቱ ሕፃናት ሐኪም ዘንድ ስትታይ የግራ ጆሮዋ ታምቡር ቀልቶ ወደ ውስጥ ተስቦ ተገኘ፤ አልተቀደደም። በክብደቷ ልክ ፓራሲታሞል ታዘዘላት፤ በሦስተኛው ቀን ዳነች።

ምክንያቱን ለመረዳት ከፍታን ማስላት ያስፈልጋል። ከታምቡሩ ጀርባ ያለው ክፍል አየር የሚያገኘው ጆሮን ከጉሮሮ ጋር በሚያገናኝ ቀጭን ቱቦ በኩል ነው። ይህ ቱቦ በሕፃን ላይ ከአዋቂው ግማሽ ያህል አጭር፣ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለ ነው፤ ጉንፋን ሲጨመርበት ያብጣል። ከፍ ሲባል በውጭ ያለው ግፊት ሲቀንስ ውስጥ ያለው አየር በራሱ እየገፋ ይወጣል፤ ሕፃኑ ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። ሲወረድ በውጭ ያለው ግፊት ሲጨምር ግን ቱቦው እንደ ተጫነ በር ይዘጋል፤ የሚከፍተው መዋጥ፣ መጥባት ወይም ማዛጋት ነው። የተኛ ሕፃን ደግሞ እምብዛም አይውጥም።

አሁን መንገዱን እንይ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የቦሌ ማረፊያ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ከሐዋሳ ተነሥቶ ቦሌ ያረፈ ሰው፣ ዓይኑ መውረዱን ቢያይም፣ ጆሮው ያረፈው ከተነሣበት በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ግፊቱ በአጠቃላይ ቀንሶበታል። ሚጣ ተኝታ ምንም ያልሆነችው ለዚህ ነው። በሁለተኛው በረራ ደግሞ እንደ ቦይንግ 787 እና ኤርባስ ኤ350 ያሉ አውሮፕላኖች የካቢናቸውን አየር ቢበዛ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ጋር ያመሳስላሉ፤ ይህም ከቦሌ ያነሰ ነው። ሌላው ዓለም ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሲነሣ ጆሮው ላይ ለውጥ ይሰማዋል፤ ከአዲስ አበባ የሚነሣ ሕፃን ግን ሲነሣ ብዙ የሚገጥመው ነገር የለም። ፍራንክፈርት በ110 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአዲስ አበባ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ሲሆን፣ በካቢኑ አራት አምስተኛ ገደማ ነው፤ ከካቢኑ እስከ ፍራንክፈርት ያለው ልዩነት ሁሉ የሚከፈለው በመጨረሻዎቹ ከሃያ እስከ ሠላሳ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። እናት ሌሊት ላይ ጠጥታ ክዳኑን ያጠበቀችው ግማሽ የውሃ ፕላስቲክ፣ ቤት ገብታ ቦርሳዋን ስትፈታ ተጨማዶ አገኘችው። ፎቶውን ስትልክልኝ ነው ስህተቴ የገባኝ።

የእኔ ምክር፣ «ሲነሣ አጥቢያት» የሚለው፣ ለባሕር ዳርቻ ሰው ይጠቅም ይሆናል። ለእኛ ግን ጡቱን አስቀድሞ አባከነው፤ ልጅቷን አጥግቦ በሚያስፈልግበት ሰዓት አስተኛት። ጂዳም ሆነ ዱባይ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ሮም ለሚሄድ የደጋ ሰው ስሌቱ ያው ነው፤ ሁሉም ዝቅ ያሉ ናቸው። አንድ ነገር ግን ለእናት ደጋግሜ ነግሬያታለሁ፦ የሚጣ ጩኸት ራሱ መከላከያ ነበር። የሚያለቅስ ሕፃን አፉን ይከፍታል፣ ምራቁን ይውጣል፤ ታምቡሩ ሳይቀደድ የቀረው ምናልባት ስለጮኸች ነው።

ሁለተኛው ጉዞ

ከዓመት ከአንድ ወር በኋላ፣ በየካቲት፣ ቤተሰቡ በሙሉ ሐዋሳ መጣ። አባትየው ፈቃዱ ሲያልቅ ቀድሞ ሄደ፤ እናት በመጋቢት መጨረሻ ከልጆቹ ጋር ተመለሰች። ሚጣ ስትመጣ የ23 ወር ልጅ ስለነበረች በጭን መጥታለች፤ ሐዋሳ ሳለች 2 ዓመት ሞላት። ለመመለሻው መቀመጫ መግዛት ግድ እንደሆነ እናት አስቀድማ አውቃ ስለነበር፣ መንገድ ላይ በድንገት ከመክፈል ተረፈች። ነገር ግን በራሷ መቀመጫ የታሰረች ልጅ ሲወረድ በጭን ታቅፋ አትጠባም፤ ሚጣም ጡት ትታለች። ስለዚህ ሌላ ዘዴ መፈለግ ነበረብን።

ሁለት ሳምንት ቤት ውስጥ ተለማመዱት። ለሚጣ ስትሮ ያለው ኩባያ ተገዛላት፤ ለማሙሽ ደግሞ «የሐይቁ ዓሣ» የተባለ ጨዋታ ወጣለት፦ አፍን በሰፊው መክፈትና መዝጋት፣ ከዚያ ማዛጋት። ጠብታው በዚህ ጊዜ በእናት ኪስ ውስጥ ነበር። ማረፊያው አርባ ደቂቃ ሲቀረው፣ ከፊቷ ባለው ስክሪን ላይ አይታ፣ ሁለቱንም ቀሰቀሰች። ሚጣ በመቀስቀሷ አሥር ደቂቃ ያህል አለቀሰች፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው «የተኛ ልጅ ይቀሰቀሳል እንዴ?» አለ። እናት መልስ አልሰጠችውም። ኩባያውን በየሁለት ሦስት ደቂቃው ጥቂት ጥቂት አስጠጣቻት፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንዳትጨርሰው ውሃውን በትንሹ ነበር የምትሞላው።

ሚጣ ሲያርፉ አላለቀሰችም። ማሙሽ ግን ብስኩቱን ከጨረሰ በኋላ ዓሣውን መሥራት ሰልችቶት ስለነበር፣ ሻንጣ መቀበያው ድረስ ግራ ጆሮውን በመዳፉ ይዞ ሄደ፤ እዚያ ቆሞ ሲያዛጋ «ተከፈተ» አለና ወደ ሚሽከረከረው የሻንጣ ማጓጓዣ ሮጠ።